ሦስቱ ኮይኖች አብረው የወረዱበት ቀን

ማክሰኞ፣ ጥር 8 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ፣ ገዳሪፍ ገበያ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይቆማል ተብለው በዕቁብ ገንዘብ የተገዙ ሦስት ዓይነት ኮይኖች በአንድ ቀን አብረው ወረዱ።

ሰዓቱን የወሰድኩት ኮይኖቹን ካስገዛን ስልክ ጠጋኝ ስልክ ላይ ነው። ሱዳን ከሁለት ወር ተኩል በፊት ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፤ የእኔ የእጅ ሰዓት ግን ገና በኢትዮጵያ ይሄድ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ሁለቱንም ጽፌአለሁ። ቀጥሎ ያለው መስመር «ትልቁ፣ ሁለተኛው፣ ትንሹ፣ ሦስቱም ቀይ» ይላል። ከዚያ በታች ያለው አይነበብም፤ ቆሜ እየጻፍኩ ነበር።

በዚያን ጊዜ ገዳሪፍ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ የድንበሩን ወሬ መላክ ነበር፦ የሰሊጥና የማሽላ ዋጋ፣ የመንገድ መዘጋትና መከፈት፣ የስደተኛ ጣቢያዎች ራሽን። ገበያ ውስጥ የሚውሉ ሐበሾች ባቋቋሙት ዕቁብም አባል ነበርኩ። ዘጠኝ ነበርን፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም። በየሐሙሱ እንጥላለን። ዳኛችን ከጭልጋ ወገን የመጡ፣ ስልሳን ያለፉ የሰሊጥ ደላላ ነበሩ። ሁላችንም ዳኛ እንላቸዋለን፤ ሚስታቸው ሳትቀር።

ዕቁባችን ከአገር ቤቱ የሚለይበት አንድ ልማድ ነበረው። የሱዳን ፓውንድ እጅ ላይ ሲያድር ስለሚቀልል፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ወዲያው የማይፈልገው ከሆነ ዳኛ በእህል ያስቀምጡለታል፤ ግማሹን በሰሊጥ፣ ግማሹን እዚያ ዱራ በሚባለው ማሽላ። የሰሊጥን ዋጋ የሚወስነው ባሕር ማዶ ያለ ገዥ ነው፤ የዱራን ዋጋ የሚወስነው እዚሁ ያለ ሆድ ነው። መርከብ ቢዘገይ ሰሊጥ ይወርዳል፣ ዱራ ግን ወሬውን አይሰማም። ሁለቱ በአንድ ሳምንት አብረው ሲወድቁ አይቼ አላውቅም። በየሳምንቱ ዋጋቸውን እልክ ስለነበር ይህን በእርግጠኝነት እጽፈዋለሁ።

ያን ዓመት ግን ልማዱ ተበላሸብን። በክረምቱ የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ ስምንት ጆንያ ሰሊጥ ሻገተ። ዳኛ ለሦስት ሳምንት ሰው ቀና ብለው አላዩም፤ ከዚያ ወዲህ በእህል ማስቀመጡ ቀረ።

በታኅሣሥ ማለቂያ ዕጣው የወጣላት ዱራ ወፍጮ ቤት የምትሠራው ሴት ናት። በረሃቡ ዘመን በእናቷ ጀርባ ድንበር ተሻግራ ኡም ጋርጉር የስደተኛ ጣቢያ ያደገች፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ባሏ የሞተባት ናት። ገበያው ባለወፍጮዋ ይላታል፤ ባለቤት ግን አልነበረችም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት ወፍጮ ንብረትነቱ የአንድ ሱዳናዊ ሐጅ ነበር። ሐጁ አርጅተዋል፤ ወፍጮውን ሸጠው ኒው ሀልፋ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ለሌላ ሰው ከመሸጣቸው በፊት ለእርሷ ነገሯት፤ እጃቸው ላይ ቀልሎ እንዳያድር ገንዘቡን የሚቀበሉት ሊሄዱ ሲሉ፣ ጥር 10 ሐሙስ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ብትከፍል የእርሷ ነው፣ ካልሆነ አንድ የዱራ ነጋዴ ገንዘቡን ይዞ ይጠብቃል። የዕቁቡ ዕጣና ያጠራቀመችው ሲደመር ዋጋውን ልክ ይሞላ ነበር። የሚተርፍ አልነበረም፤ የሚጎድልም እንዲሁ።

ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡ ይህንኑ ያህል ሆኖ መገኘት ነበረበት። ነገሩ በሙሉ ይህ ብቻ ነው። ፓውንዱ ግን በየቀኑ ይቀልል ነበር፤ ዳቦ በዚያው ሰሞን ጨምሯል፣ ሐጁም ዋጋውን እንዳይጨምሩባት ትሰጋ ነበር።

ስልክ ጠጋኙ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሠላሳውን ያለፈ፣ ገዳሪፍ የተወለደ፣ ከአማርኛው ወደ ዐረብኛው ሳያስበው የሚሻገር ሰው ነበር። ኮይን የሚባል፣ ከኢንተርኔት ውጭ የማይኖር፣ መንግሥት የማያትመው ገንዘብ ይገዛና ይሸጥ ነበር። ከሱዳን ሆኖ የኮይን መገበያያ ቤቶች ዘንድ ሒሳብ መክፈት ስለማይቻል ግዢውም ሽያጩም በእህቱ ባል በኩል ነው፤ እርሱ ጅዳ የውኃ ቦቴ ይነዳል።

ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው ከእህል ገበያው ጥግ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እኔ፣ ዳኛ፣ ባለወፍጮዋና እርሱ።

«ዳኛ፣ ሰሊጥና ዱራ የሚሠሩትን እነዚህም ይሠራሉ» አለ ስልኩን እያዞረ። «ይኼ ትልቁ ነው፣ ቢትኮይን። ይኼ ሁለተኛው። ይኼ ትንሹ። ትልቁ ባለፈው ሲንገዳገድ ትንሹን እዩት፣ ሽቅብ!»

«ይበላል?» አሉ ዳኛ።

«አይበላም።»

«ይሻግታል?»

«በምን ይሻግታል?»

«ነቀዝ?»

«የለውም።»

«አይበላም፣ አይሻግትም፣ አይነቅዝም። እንግዲያ ሰብል ሳይሆን መልአክ ነው በለኛ!»

ሳቅን። ባለወፍጮዋ ግን አልሳቀችም። «ለሐሙሱ ይደርሳል ወይ?» ብቻ ነው ያለችው።

ስልክ ጠጋኙ አራተኛ ዓይነት ኮይንም አሳየን። ይኸኛው ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አይወጣም፣ አይወርድም። «እንዲህም አለ፤ ከፈለጋችሁ ሲሶውን እዚህ እናሳርፈው» አለ።

ዳኛ ስልኩን በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት። «ዶላር የሚሉት ስም ከእኔ ዕቁብ አይግባ! እዚህ ሱግ፣ ገበያው ውስጥ ሰው የሚታፈሰው በምንድን ነው? ነገ ጥበቃው ይኸን ስልክ ከፍቶ ዶላር የሚል ቢያይ፣ ዶላር አይደለም ዶላር መሳይ ነው ልለው ነው? ወላሂ፣ ከመሳዩ ጋር ያስረኛል።»

ትክክል ነበሩ። ዶላር ሲመነዝር የተገኘ ይታሰር ነበር፤ ከመካከላችን ያልፈራ አልነበረም። አራተኛው ተተወ። ሦስቱ ተወሰዱ፣ እኩል እኩል፣ ሲሶ ሲሶ።

«አንተ የማጣራት ሰው ነህ፤ እስቲ አጣራልን» አሉኝ ዳኛ።

አጣራሁ። ስልክ ጠጋኙ የነገረን ዋጋ ሌላ ቦታ ከሚጠቀሰው ጋር መግጠሙን አየሁ፤ ገጠመ። ከጅዳ የተሸጠ ገንዘብ በሐዋላ ገዳሪፍ በአንድ ቀን መግባቱን ካደረጉት ሰዎች ጠየቅሁ፤ ይገባል አሉኝ። ሰውየው በእርግጥ የእህቱ ባል መሆኑን ከእህቱ ከራሷ ሰማሁ። ሦስቱ አብረው ወድቀው ያውቁ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ሰሊጥና ዱራ ካልኩ በኋላ ጥያቄው አልመጣልኝም። ለባለወፍጮዋ «ሁሉም ነገር እንደተባለው ነው» አልኳት። እርሷም ባሏ የገዛላትን አሮጌ ሣጥን ከፍታ ያላትን በሙሉ ሰጠች።

ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ነገሩ እንደተባለው ሆነ። ትልቁ ወረደ፣ ሁለተኛው ወጣ። ዳኛ በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ስልክ ቤቱ ይመጡ ጀመር። «ሲምሲሟ ደከመች፤ ዱራዬስ እንዴት አደረች?» ይሉ ነበር፣ ትልቁን በሱዳኑ የሰሊጥ ስም እየጠሩ። እኔም እመላለስ ነበር። ወፍጮ ቤቱና ስልክ ቤቱ መካከል ያለው መንገድ በእግር ሰባት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደሄድኩበት አላውቅም። ዜና የምልክበትን ሰዓት ሁለት ጊዜ አሳልፌአለሁ፤ ከዚያ በፊት አሳልፌ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መብራት አልነበረም። ስልክ ጠጋኙ ከመኪና ባትሪ ላይ ሽቦ ስቦ ስልኩን ይመግባል። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። ሲመጣ ትልቁ ወርዷል። ሲጠፋና ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛው። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሦስቱም።

«ትንሹ አልቆመም?» አልኩት።

«ትንሹማ ከሁሉም ብሷል!» ገጹን ዘግቶ ደግሞ ይከፍታል። «ያ ኡስታዝ፣ ይኼ ልክ አይደለም። ኔትወርኩ ነው የሚያሳስተው» አለኝ፤ እኔን ሲጠራ በዐረብኛው «አንተ መምህር» ነበር የሚለው።

ኔትወርኩ አልነበረም። ካርቱም ያለ አንድ የሙያ ባልደረባዬን ደውዬ በራሱ ስልክ እንዲያይልኝ ጠየቅሁት፤ ያንኑ ነገረኝ። ከአራቱ ያልተነቃነቀው ያ የገፋነው፣ ከዶላር ጋር የታሰረው ብቻ ነበር።

ባለወፍጮዋ ማን እንደነገራት አላውቅም። ቅንድቧ ዱቄት እንደ ለበሰ፣ ነጠላዋን ሳታስተካክል መጣች።

«የቱ ነው የወደቀው?» አለች።

«እታለም፣ ቁጭ በይ መጀመሪያ» አላት ስልክ ጠጋኙ።

«ቁጭ አልልም። የቱ ነው የወደቀው?»

«ሦስቱም።»

«ሦስቱም አይወድቁም አላልህም?»

ስልክ ጠጋኙ ጅዳ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። የእህቱ ባል ቦቴውን ሲነዳ ይዘጋዋል፤ የሚከፍተው ዐስር ከሚባለው የከሰዓት ሶላት በኋላ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቅን። እርሷ መንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አላፊ አግዳሚው «ወፍጮው ዛሬ ዝግ ነው እንዴ?» ይላታል፤ «ክፍት ነው፣ ሂዱ፣ እመጣለሁ» ትላለች፣ አትሄድም። ስልክ ጠጋኙ በየደቂቃው ይደውላል። እኔ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር አነሣና አስቀምጥ ነበር።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል የእህቱ ባል አነሣ። ስልክ ጠጋኙ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው አወጣው።

«የቱን ልሽጥ?» አለ ከጅዳ።

ዳኛ በዚያ ሰዓት ደርሰው ነበር። «ምንም አትሽጥ!» አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። «ሰሊጥ በወረደ ቀን አይሸጥም፤ ያድራል። አርባ ዓመት በዚህ ገበያ ቆሜአለሁ፣ በወደቀ ቀን የሸጠ ሁሉ በማግሥቱ ሲጸጸት አይቻለሁ።»

«ዳኛ፣ ለሐሙስ ነው እኮ» አለች ባለወፍጮዋ።

«ረቡዕ ይመለሳል፣ ልጄ። አንድ ቀን ታገሽ።»

እውነት ተናግረዋል፤ ለሰሊጥ እውነት ነው። መጋዘን ያለው እህል ይታገሳል። እርሷ ወደ እኔ አየች፤ ያን ጊዜ ባጣራሁት ነገር ላይ የምጨምረው አልነበረኝም። ተስማማች። የእህቱ ባል ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ከቀድሞው ጥያቄዬ ሁሉ መቅደም የነበረበት እርሱ ነው።

«ትንሹን የገዛኸው በምንድን ነው? በሪያል?»

«በሪያል አይሸጥም፤ በቢትኮይን ነው። መጀመሪያ ትልቁን ገዛሁ፣ በትልቁ ደግሞ ትንሹን። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚገዛ።»

«የሚሸጠውም?»

«ለመሸጥም ያው ነው፤ ወደ ትልቁ መልሶ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ድንበሩ በተዘጋ ጊዜ ጋላባት ድልድይ አጠገብ ቆሜ የላክሁት ወሬ ትዝ አለኝ። ቡና የጫነው መኪና፣ ሽንኩርት የጫነውና ባዶ ጀሪካን የጫነው በአንድ ሰልፍ ቆመው ነበር። ሽንኩርትን ከቡና ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ መንገዳቸው ግን በዚያች ድልድይ ላይ ነው። ይህን ለዳኛ ስናገር ሰሙኝና፣ «ታዲያ ይኸን ከገና በፊት አትነግረንም ነበር?» አሉኝ።

ባለወፍጮዋ ግን ሰምታ ነበር። «እንዲያ ከሆነማ ሦስት ሰብል አልዘራነም» አለች። «አንዱን ማሳ ሦስት ጊዜ ነው የዘራነው።» ነጠላዋን አራግፋ ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች። ወረፋ የያዙ ሰዎች እየጠበቋት ነበር።

ረቡዕ አልተመለሰም። ጠዋት ስልክ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ፤ ዳኛም ነበሩ፣ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ትልቁ ከማክሰኞው በታች ወርዷል፤ ሌሎቹ ተከትለውታል። ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ ለማየት ሞከርኩ። ትልቁ ይንሸራተታል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ሁለተኛው፣ ትንሹ ደግሞ ዘግይቶ ይነሣና ከሁለቱም በላይ ርቆ ይወድቃል። አንዳንዴ ግን ትንሹ ቀድሞ ይደረመሳል፣ ትልቁ ይከተላል። ሥርዓት ላወጣለት አልቻልኩም፤ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ባለወፍጮዋ መጣች። ያን ዕለት ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አሳምራ አሥራ ነበር።

«ያ ሰው ዛሬ ስልኩን ከፍቶታል?»

«ከፍቶታል። መኪናውን አቁሞ እየጠበቀ ነው» አላት ስልክ ጠጋኙ።

«ይሽጥ።»

«የቱን፣ እታለም?»

«ሦስቱንም።»

ዳኛ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ እስከ ቀትር ብቻ...»

«ዳኛ፣ የርስዎ ሰሊጥ መጋዘን አለው፤ የእኔ መጋዘን ሐሙስ ነው» አለች። እጃቸውን መለሱ።

ሲሶ በሲሶ ተሸጠ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሐዋላው ቤት የደረሰው ገንዘብ ከሰጠችው ግማሽ ጥቂት ከፍ ይላል። ስልክ ጠጋኙ ከራሱ ያለውን ልጨምር አለ፤ ያለው ያው ሦስቱ ኮይን ነበር። የዕቁቡ ሰዎች ከዘጠኝ አምስታችን ተሰብስበን የሁለት ሳምንት መዋጮ አንድ ጊዜ እንጣል አልን። አልሞላም። እርሷም «ያለኝ ይህ ነው፤ ይዤው ልሂድ» አለች። ዳኛና እኔ አብረናት ሄድን።

ሐጁ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያመጣችውን ስትነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ ነሽ፣ አላህ ያውቃል። ግን ሰውየው ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ይመጣል፤ ሙሉውን ይዞ ነው።»

«ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለእርሱ ይሽጡልን።»

«ወፍጮ ዳቦ አይደለም። የትኛውን ግማሽ ልስጥሽ? ላዩን ድንጋይ ወይስ ታቹን?»

ዳኛ ሳቅ አመለጣቸው፤ እርሷ አልሳቀችም። ከኋላ ክፍል ለበርበሬና ለቅመም የምትሠራ ትንሽ ወፍጮ ነበረች። ሐበሾቹ ለበዓል ካልሆነ አይጠቀሙባትም፤ በቀበቶ ከትልቁ ሞተር ጋር ተያይዛ ነው የምትዞረው።

«የቅመሟንስ?» አለች።

ሐጁ አሰቡ። ዋጋ ጠሩ፤ ያላት ይበቃ ነበር፣ ጥቂትም ይተርፋት ነበር። ዳኛ ሽያጩን ለማጽናት እጅ ሊያስመቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ሲነሡ፣ እርሷ አልተነሣችም።

«ሞተሩስ የማን ይሆናል?»

«ሞተሩ ከትልቁ ጋር ይሄዳል። ቀበቶው እንደተያያዘ ይቆያል፤ ከሰውየው ጋር ትስማሚያለሽ። ጥሩ ሰው ነው።»

«ጥሩ ሰው ይሁን። የእርሱ ሲቆም የእኔ አብሮ ከቆመ አልገዛም።»

«እንዴ! አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሞተር ስትሠሪ ኖረሽ የለም?»

«የእርስዎ ነበር፣ ያ ሐጅ። ሁለቱም የእርስዎ ነበሩ።»

ከጓሮው አሮጌ የውኃ መሳቢያ ናፍጣ ሞተር ነበር፤ ዝናብ የመታው፣ ዶሮ የሰፈረበት። እርሷ በጣቷ አሳየቻቸው። ሐጁ ያ የሞተ ነው አሉ። «ይሙት፤ ከቅመሟ ጋር ይጨመርልኝ፣ የተረፈኝን ለሞተር ጠጋኝ እከፍላለሁ» አለች። ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ። ሐጁ ሦስት ጊዜ ኸላስ፣ አበቃ ብለው ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ዳኛ በመጨረሻ፣ «ያ ሐጅ፣ ዶሮዎቹን ለእርስዎ እንተዋለን» ሲሉ ሽማግሌው ሳቁና እጅ ተመታ።

ከዙህር በኋላ የዱራ ነጋዴው መጥቶ ትልቁን ገዛ። በማግሥቱ ጥምቀት ነበር። ቅዳሜና እሑድ ባለወፍጮዋና የሞተር ጠጋኙ ሞተሩን ሲፈቱትና ሲገጥሙት ዋሉ፤ ስልክ ጠጋኙ ስለ ናፍጣ ሞተር ምንም ሳያውቅ ሁለቱንም ቀን ብሎን ሲያቀብል ውሏል። ዳኛ ዕቁቡን እንደገና ወደ ሰሊጥና ዱራ መለሱት። መጋዘኑንም ለሁለት ከፈሉት፤ ሰሊጡን ከገበያው በላይ፣ ዱራውን ከወንዙ ማዶ።

ሰኞ ጥር 14 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ሞተሩ በአራተኛው ሙከራ ተነሣ። የመጀመሪያው ሥራ አንድ ኪሎ ተኩል በርበሬ ነበር። ትልቁ ወፍጮ በዚያ ቀን አልሠራም፤ አዲሱ ባለቤት ቁልፉን የተረከበው ማክሰኞ ነው።